ባልዲ ሙሉ መድኃኒት፣ የበግ ሌጦና የአዳማ ነፋስ

ለቸኮለ ሰው ፍርዱን አስቀድሜ ልስጥ፦ የበግ ሌጦ ቤት ውስጥ ማልፊያ ተብሎ በባልዲ የሚሸጠው ዕቃ ይሠራል፣ ዋጋውም አይጎዳም። አብሮት የሚመጣው ቢላ ግን አይረባም፤ መመሪያ ተብሎ የታጠፈው ወረቀትም ዋናውን ነገር ዘሎታል። ጊዜ ያለው ይከተለኝ።

የማወራው የበግ ሌጦ ጠጉሩን ሳይለቅ ቤት ውስጥ አልፍቶ አጎዛ ለማድረግ በባልዲ ተሰናድቶ ስለሚሸጠው ዕቃ ነው። የሚሸጠው እዚሁ አዳማ፣ ቀለምና የጽዳት ኬሚካል ከሚቸረችሩት ሱቆች በአንዱ ነው። ሱቁ ታፔላ የለውም፤ ደጁ ላይ የተደረደሩት ሰማያዊ ባልዲዎች ናቸው ምልክቱ። ባለቤቱ ሞጆ ካሉት ቆዳ ፋብሪካዎች በአንዱ ሠርቶ የወጣ ወጣት ነው። ቆዳ ያውቃል፤ በዚያ አልከራከርም። አፉም ቀልጣፋ ስለሆነ የጠየቃችሁትንም ያልጠየቃችሁትንም ይነግራችኋል፤ የሚረሳው መመሪያው ላይ መጻፉን ነው።

እኔ ፍራንኮ አካባቢ የጀበና ቡና አፍልቼ የምሸጥ ሰው ነኝ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ናቸው። ሰው ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ተቀምጦ ውሎ ደረቅ ዱካ ሲሰጡት ደስ አይለውም፤ ባይናገርም ፊቱ ይናገራል። ዱካዎቹን ሁሉ አጎዛ ላለብሳቸው ካሰብኩ ቆይቷል። ገበያ ላይ የሚገኘው አጎዛ ግን አብዛኛው ጨው ተነስንሶበት ፀሐይ ላይ የደረቀ ብቻ ነው። ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ እርጥበት ሲነካው ይሸታል። ከላይ ዕጣን እየጨሰ ከታች የበግ ሽታ የሚነሳበት ቤት ቡና የሚጠጣ ሰው የለም። በደንብ የለፋውን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻላል፤ ዋጋውን ጠይቄ ተውኩት።

ሌጦው ራሱ ደግሞ ዛሬ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። ድሮ በዓል ውሎ ሳይመሽ "ቆዳ ያለው!" እያለ የሚዞር ሰው ነበር፣ ቢያንስ የቅመም ይወጣበት ነበር። አሁን በፋሲካ ማግስት በየቦዩ ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው ታያላችሁ። ስለዚህ ጥሬ ዕቃው በነፃ ነው፤ የሚወጣው የባልዲው ዋጋና ጉልበት ነው።

ባልዲው ሲከፈት ቆዳውን የሚያለፋው ሸብ ግማሽ ኪሎ ገደማ፣ ሲትሪክ አሲድ፣ የልብስ ሶዳ፣ በላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ቡናማ ዘይት፣ ቀለሙን እየቀየረ የአሲዱን ልክ የሚያሳይ ወረቀት፣ ቢላውና መመሪያው አሉበት። ጨው፣ ሳሙናና የፉርኖ ዱቄት ከእናንተ ነው። "ጨውን ለምን አላካተትክም ልጄ?" ብዬ ጠየቅኩት። "እትዬ፣ ጨው ብጨምርበት ባልዲውን ማን ያነሳልዎታል?" አለኝ። ልክ ነው፤ ለአንድ በግ ሌጦ ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በርካታ ኪሎ ጨው ይሄዳል። የገበታውን አትንኩት፤ የአፋር ጨው በጅምላ ከሚሸጥበት ገዝቶ መምጣት ነው።

ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት በጉን እዩ። ሁሉም በግ አጎዛ አይወጣውም። አዳማ ገበያ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ የአርሲና የባሌ በግ ነው፤ ከቆላው ወገን ደግሞ ጭንቅላቱ ጥቁር የሆነው የሶማሌ በግ ይመጣል። የሶማሌው ጠጉሩ አጭርና ልሙጥ ስለሆነ ብታለፉትም መቀመጫ ላይ ምቾት የለውም። የአርሲው እንደ በጉ ነው፤ ጠጉረ ረጅሙን ካገኛችሁ መልካም። ወደር የሌለው ግን የመንዝ በግ ነው፤ በርኖስና ባና የሚሠራበት ጠጉር እኮ ነው። የደጋ በጋችን ቆዳ በውጭ አገር ጓንት ሠሪዎች ዘንድ የተከበረው ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ነው፤ ያ ስስነት ለእኛ ለቤት ሠራተኞች ግን ፈተና ነው። ለምን እንደሆነ ቢላው ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። በጉ ቅማልና መዥገር ያስቸገረው፣ ሲያክክ የኖረ ከሆነ ቆዳው ላይ ጥቃቅን እብጠቶች ይቀራሉ። ነጋዴዎቹ እከክ ይሉታል፤ ፋብሪካዎች ቆዳውን ደረጃ የሚያወርዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለዱካ ልብስ ከሥር ስለሚውል ብዙም አይጎዳ፤ ግን እብጠቱ ያለበት ቦታ ሲፋቅ ቶሎ ይቀደዳል።

አሁን መመሪያው ወደ ዘለለው ነገር ልምጣ። ወረቀቱ "ሌጦውን በጨው ውሃ ይዘፍዝፉ" ብሎ ይጀምራል። ከእርዱ እስከ ውሃው ባለው ጊዜ ምን ይደረግ? አንድ ቃል የለም። ሥራው የሚበላሸው ግን እዚያው ላይ ነው። እንደኛ ባለ ሙቀት ሌጦ ከበጉ ላይ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ መበስበስ ይጀምራል፤ መጀመሪያ የሚለቀው ደግሞ የጠጉሩ ሥር ነው። ለዓይን ምንም አያስታውቅም። የጎረቤቴ ልጅ ከዚሁ ሱቅ ባልዲ ገዝቶ ሌጦውን በፌስታል ጠቅልሎ ጥግ አስቀመጠው፣ ዶሮው ተበላ፣ ጠላው ተጠጣ፣ ማታ ላይ ጨው አደረገበት። በሦስተኛው ቀን ሲያጥበው ጠጉሩ በእፍኝ እየተነሳ እጁ ላይ ቀረ። ልጁ ባልዲውን ሰደበ። ባልዲው ምን አጠፋ? ግን ጥፋቱን ሁሉ ለልጁም አልሰጥም፤ ገንዘብ ከፍሎ መመሪያ የተቀበለ ሰው መመሪያው ሊነግረው ይገባ ነበር። ለሻጩ ይህን ስነግረው "ይሄማ ሁሉም የሚያውቀው ነው ብዬ ነው እትዬ" አለኝ። ሁሉም አያውቅም። ሁሉም ቢያውቅ ባልዲህን ማን ይገዛህ ነበር?

ስለዚህ እኔ ልጻፍላችሁ። ሌጦው እንደወጣ ጥላ ቦታ፣ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ የሥጋው ወገን ወደ ላይ ሆኖ ይዘርጋ። ትልልቁ ስብና ተንጠልጥሎ የቀረ ሥጋ ወዲያው ይነሳ፤ ጨው በስብ ውስጥ አያልፍም። ከዚያ ጨው ሳይሰስት ይታሸው፦ አንገቱ፣ የእግሮቹ ቦታና በተለይ የተጠቀለለው ጠርዝ። ሙክት ከሆነ የላቱ ቦታ ስብ ስለሚበዛበት ደግማችሁ እዩት። በማግሥቱ የረጠበው ጨው ተራግፎ አዲስ ይደረግበታል። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይበሰብሳል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አባ ሰንጋም ሳልናገር አላልፍም። ማን እንዳረደው፣ ለምን እንደሞተ የማታውቁትን እንስሳ ሌጦ ቤታችሁ አታስገቡ፤ በነፃም ቢሰጣችሁ። በበሽታ የሞተ ከሆነ ጨውም ሆነ ሸብ የአባ ሰንጋን ዘር አይገድለውም፤ በእጅ ጭረት ይገባል፣ ከጠጉር ጋር በሚነሳ አቧራም ወደ ሳንባ ይገባል። ጤነኛ ሆኖ ቆሞ ያያችሁትን፣ በፊታችሁ የታረደውን ብቻ ተጠቀሙ። ይህም መመሪያው ላይ የለም፤ ቢኖር ሁለት መስመር ነበር።

ከጨው የወጣው ሌጦ በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባል። ሙቅ ውሃ ሁለት ነገር ያበላሻል፦ ጥሬ ቆዳው ይኮማተራል፣ ጠጉሩም ይጠላለፋል። ማሸት ሳይሆን መጫን ነው። እዚህ ላይ መመሪያው ጥሩ ነው፤ በግልጽ ተጽፏል።

ከዚያ መፋቅ ይመጣል። የሥጋውን ወገን የሸፈነ ስስ ገለፈት አለ፤ እሱ ካልተነሳ ከኋላ የሚመጣው መድኃኒት ሁሉ ከላይ ሲንሳፈፍ ይቀራል። ሌጦውን ግንድ ላይ ደፍቶ፣ ጠርዙን በሆድና በግንዱ መሃል ይዞ ወደ ታች መግፋት ነው። እኔ ግንድ አጥቼ ከግንበኞች የተረፈ ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ተጠቀምኩ፤ ከግንድም ሳይሻል አይቀርም፣ ጉብታ የለውማ። ገለፈቱ ሲነሳ ታውቁታላችሁ፦ መጀመሪያ እየተንሸራተተ ያስቸግራል፣ አንድ ጫፍ ከያዘላችሁ ግን መዳፍ በሚያክል ጨርቅ ሆኖ ይላቀቃል፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ደግሞ ብርሃኑን ቀይሮ ደብዛዛ ነጭ ይሆናል። ወደ ጀርባው ጣት ስትጭኑበት የጠጉሩ ሥር ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከታየ ይብቃችሁ፤ ከዚያ ካለፋችሁ የጠጉሩን ሥር ትቆርጣላችሁ።

ቢላውን እዚህ ላይ ልማው። ስለቱ ከሚገባው በላይ ተስሏል፣ ሁለቱ ጫፎቹ ደግሞ ሹል ናቸው። ለመፋቂያ የሚያስፈልገው ደነዝ፣ ጫፉ የተሞረደ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ነገር ነው፤ የሚገፋ እንጂ የሚቆርጥ አይደለም። የብብቱና የጎኑ ቆዳ የበጉ ስሱ ክፍል ነው፤ በዚህ ቢላ አንዴ ካዘነበላችሁት ቀዳዳ ነው። እኔ ወጥ ቤት ያረጀውን ሰፊ ቢላ ስለቱን ድንጋይ ላይ ገድዬ ተጠቀምኩበት፣ ከባልዲው በወጣው ሽንኩርት እከትፍበታለሁ። ለሽንኩርት ግን ግሩም ነው።

ቀጥሎ ያለው የአሲዱ ዘፈዘፋ የዕቃው ምርጥ ክፍል ነው፤ ሻጩ እውቀቱን ያፈሰሰውም እዚህ ላይ ነው። ለአሥር ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ጨው ይላል፤ ሲትሪክ አሲዱ ደግሞ በዚያ ልክ ተመዝኖ ቀርቧል። ጨውን አሳንሶ አሲድ ማድረግ አደጋ ነው፤ ቆዳው ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ከዚያ ወዲያ የሚመለስ ነገር አይኖርም። ይህን ወረቀቱ በወፍራም ፊደል ጽፎታል፣ ይመስገን። የመለኪያ ወረቀቱን ስታጠልቁት ወደ ቀይ ካደላ አሲዱ በቂ ነው፤ በማግሥቱ ስታዩት ቀለሙ ከላላ ቆዳው ጠጥቶታልና ጥቂት ይጨመራል። እንዲህ ያለ ወረቀት አዳማ ውስጥ ለብቻው ፈልጌ አላገኘሁም፤ ለእኔ ባልዲውን ዋጋ ያለው ካደረጉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ባልዲው የላስቲክ መሆኑም ነገር አለው፤ አሲድና ጨው በብረት ዕቃ አይቀመጥም።

ሸቡ እንግዲህ ማልፊያው ራሱ ነው። ውሃ የሚያጣሩ ጣቢያዎች ጭቃውን ለማስቀመጥ የሚጨምሩት የአሉሚኒየም ጨው ዘመድ ነው፤ ቆዳን በሸብ ማልፋት በዓለምም የቆየ ዘዴ ነው። ፋብሪካዎቹ የሚሠሩት በክሮም ነው፤ ክሮም ለቤት አይደለም፣ እሱን ፈልጋችሁ አትድከሙ፤ ፍሳሹን የት ታደርጉታላችሁ? ሸቡ በአራት ሊትር ውሃ ይሟሟል፤ መቶ ግራም ያህል ሶዳና የዚያ እጥፍ ጨው በሌላ ሁለት ሊትር ውሃ ይሟሟል። ከዚያ ሶዳው በሸቡ ላይ በጣም በዝግታ እየተማሰለ ይጨመራል። በዝግታ ያልኩት በምክንያት ነው፤ አረፋው ገንፍሎ ይወጣል። የተዋሃደው በፉርኖ ዱቄት ወፈር ተደርጎ በሥጋው ወገን ላይ ብቻ ይቀባል፣ በላስቲክ ይሸፈናል፣ በማግሥቱ ተጠርጎ አዲስ ይቀባል፣ ደግሞም አንዴ። ሊጥ አድርጎ መቀባቱ ከመዘፍዘፉ የሚበልጠው ጠጉሩ ንጹሕ ሆኖ ስለሚቀር ነው።

ደርሷል አልደረሰም የሚለውን ሻጩ በቀን ይነግራችኋል። ቀን አትቁጠሩ። ወፍራሙ ቦታ አንገቱ ላይ ነው፤ ከጠርዙ በምላጭ ቀጭን ቁራጭ ቁረጡና የተቆረጠውን ፊት ብርሃን ላይ እዩት። ጥሬ የቀረው መሃሉ ላይ ሰማያዊ ቢጤ ብርሃን የሚያሳልፍ መስመር አለው። የደረሰው ግን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እንደ አይብ ነጭ ነው። መስመሩ ካለ አንድ ቀን ይጨመር፤ ጉዳት የለውም።

ዘይቱ ሌላው የምመሰክርለት ነገር ነው። ሱቁ ውስጥ ሳለሁ አንድ ጠብታ ውሃ ላይ ጣለው፤ እንደ ምግብ ዘይት አልተንሳፈፈም፣ ነጭ ሆኖ ተበተነ። ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ የሚያለሰልሱበት፣ ከውሃ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ የተሠራ ዘይት ነው። በለብታ ውሃ ቀጥኖ እርጥቡ ቆዳ ላይ ሲቀባ ከውሃው ጋር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውሃው ሲተን እሱ በክሮቹ መሃል ይቀራል። የኑግ ዘይት ተጠቅሞ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቃል፤ ላዩ ላይ ቀርቶ ይከረፋል፣ የተልባ ዘይት ደግሞ ጭራሽ ይደርቃል። የእንቁላል አስኳልም ይሠራል፣ በውጭ አገር ጓንት ሠሪዎች ከሸብ ጋር ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ግን በዛሬ የእንቁላል ዋጋ ማን ይደፍረዋል። ጠርሙሱ ትንሽ ነው። ትልቅ ሙክት ከሆነ አይበቃም፣ አንገቱ ላይ ስትደርሱ ያልቃል።

አሁን ክንድ ወደሚጠይቀው እንምጣ። ሻጩ ይህን ክፍል "ከዚያ ያድርቁት" በሚል ሁለት ቃል አልፎታል። ዝም ብላችሁ ብታደርቁት የሚወጣው የምጣድ አክንባሎ የሚያህል ድርቅ ያለ ነገር ነው፣ ሸብ ይኑረው ዘይት ይኑረው። ቆዳ የሚለፋው እየደረቀ ሳለ ሲጎተት ነው። ክሮቹ እርስ በርስ ከመጣበቃቸው በፊት መለያየት አለባቸው። ሰዓቱን ለማወቅ በሁለት አውራ ጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ሳቡት፤ ግራጫ የነበረው ቦታ በጣቶቻችሁ መሃል ብው ብሎ ነጭ ከሆነ ሰዓቱ ደርሷል። ያን ቦታ እስኪለሰልስ ትጎትቱታላችሁ፣ ወደ ቀጣዩ ታልፋላችሁ፣ ጠርዙ ቀድሞ ስለሚደርቅ ወደ እሱ ትመለሳላችሁ። እኔ የወንበር መደገፊያ ላይ ወዲህና ወዲያ እያሸሁት ነው የሠራሁት፤ ሾፌሮቹ ቡናቸውን እየጠጡ ተራ በተራ ገብተውበታል። አንዱ ጎማ ከመቀየር ይከብዳል ብሎ ሸሽቷል።

የአዳማ ነፋስ እዚህ ላይ ጠላት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የቆሙትን ማመንጫዎች የሚያዞረው ነፋስ እርጥብ ሌጦ ግቢ ውስጥ ቢያገኝ ጠርዙን ከሰዓት ባነሰ ጊዜ ቅርፊት ያደርገዋል፤ መሃሉ ገና ውሃ እያለ። አቧራውንም ጠጉሩ ውስጥ ይሞላላችኋል። ውስጥ ክፍል፣ መስኮት ተዘግቶ ይሰቀል። ቦታ ቦታውን ቀድሞ ከደረቀ በእርጥብ ጨርቅ የሥጋውን ወገን አርሳችሁ እንደገና መጎተት ይቻላል፣ አልተበላሸም።

መጨረሻ ላይ የሥጋው ወገን በተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይ ይታሻል። መመሪያው የአሸዋ ወረቀት ግዙ ይላል፤ ለምን? ብሎኬት የሚመቱበት ያ ቀላል ነጭ ድንጋይ በአካባቢያችን ሞልቷል፤ አንዱን ከሠራተኞቹ ብትለምኑ ይሰጧችኋል፣ ከአሸዋ ወረቀትም ይበረክታል።

አማቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ያለቀውን አጎዛ አምጥቼ ፊታቸው ስዘረጋው መጀመሪያ ገለበጡት፣ የሥጋውን ወገን በጥፍራቸው ፈገፈጉ፣ አሸተቱት። በእሳቸው አገር በእምቧይ ይዘፈዘፍ፣ በተወቀጠ ኑግ ይታሽ፣ በእግር ይረገጥ እንደነበር ነገሩኝ። "የሚሠራው ግን ሌላ ሰው ነበር፤ እኛ እንዴት ተደርጎ ይነካል!" አሉ። ፋቂ እየተባለ የተናቀው ሰው የሠራው አጎዛ ላይ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ መኖራችን ያሳፍራል፤ እኔ ክንዴ ከዛለ በኋላ ነው የገባኝ። ለማንኛውም ፍርዳቸው "ልስልስ ነው፣ ግን ውሃ አታስነኪው" የሚል ነው።

ልክ ናቸው። ሸብ በውሃ ታጥቦ ይወጣል፤ አጎዛው ደጋግሞ ከራሰ ወደ ጥሬነቱ ይመለሳል፣ ይደርቃል። ለቡና ቤት ዱካ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሲኒ መገልበጡ የየቀኑ ነው። ቶሎ በእርጥብ ጨርቅ ከተጠረገ ችግር የለም። ሕፃን ለማስተኛት ግን አልመክረውም። ሻጩ የሚታጠብ የሚሆንበት ሌላ ባልዲ አለኝ ብሎ ዋጋው ጠና ያለ አሳየኝ፤ ውስጡ ግሉታራልዴሃይድ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ለሚተኙ ሕሙማን የሚነጠፈው የሚታጠብ አጎዛ በዚህ እንደሚለፋ አውቃለሁ፣ ዘዴው የታወቀ ነው። ነገር ግን ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ፈሳሽ ነው፣ ጠጉሩንም ወደ ቢጫ ይወስደዋል። ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ አላስገባውም። ያለ ጓንት፣ ያለ መነጽርና ያለ ማስጠንቀቂያ በባልዲ መሸጡንም አልወደድኩለትም፤ ነግሬዋለሁ።

ፍሳሹም መመሪያው ላይ "ይድፉት" ተብሎ ታልፏል። የት? የጨው ውሃ አትክልት ሥር ከደፋችሁ አትክልቱን ደህና ሰንብት በሉት። አሲዱን ሶዳ እያደረጋችሁ አረፋው እስኪቆም አብርዱት፣ በወረቀቱ ለኩት፣ ከዚያ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰሞንም አትጀምሩት፤ ለማጠቢያና ለማለቅለቂያ ብቻ በርካታ ጀሪካን ያስፈልጋችኋል።

ስለ ዋጋው፦ ባልዲውን ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ዋጋ በታች ነው የገዛሁት፣ ለሁለት መካከለኛ ሌጦ ይበቃል፤ ዘይቱን ሳይጨምር፣ እሱ ለአንድ ተኩል ነው። ከአንድ ሌጦ በአግባቡ ከተቆረጠ የሦስት ዱካ ልብስ ይወጣል፣ የእግርና የአንገት ቁርጥራጩ ደግሞ ለጀበና ማስቀመጫ ይሆናል። የተዘጋጀ ከመግዛት ጋር ሲነጻጸር ክርክር የለውም፣ ጉልበታችሁን ዋጋ ካላወጣችሁለት። ለአንድ አጎዛ ብቻ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ የለፋ ገዝታችሁ ተገላገሉ፤ ይህ ዕቃ የሚያዋጣው ለበዓል ቤተ ዘመዱ ሁሉ ለሚያርድና ሌጦውን መሰብሰብ ለሚችል ሰው ነው። ሲያልቅ ደግሞ ብል ጠጉር ይወዳልና፣ ሸብ ከብል አያድንም፤ በየጊዜው እያራገፋችሁ ፀሐይ ጥቂት አሳዩት።

ልትገዙ ከሄዳችሁ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ይወጣል፣ ወንድሙ ስለ ቀለም እንጂ ስለ ቆዳ አያውቅም። ቢላውን መልሱለትና በምትኩ ሁለተኛ ጠርሙስ ዘይት ጨምርልን በሉት። ለእኔ ጥቂት ካንገራገረ በኋላ አድርጎልኛል።